ፎቶው ምን ያሳያል፣ እኛስ ምን እናያለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ፎቶ ቤት ለዓመታት የተጠየቅኋቸውን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እስከሚያስቸግረው ድረስ መልሻለሁ።

ፎቶግራፍ በእርግጥ የምን ምስል ነው?

የብርሃን። የድሬዳዋ ሰው ይህን ሳያስተውለው አይቶታል። ቀትር ላይ ሙቀቱን ሽሽት በርና መስኮት ዘግቶ ጋደም ሲል፣ በመስኮቱ መዝጊያ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ካለች፣ በደጅ የሚያልፈው መንገደኛ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ ሲሄድ ይታያል። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በካይሮ የኖረው ሊቅ ኢብን አልሃይሠም ስለዚሁ ነገር ጽፏል። ካሜራ ያቺው የጨለመች ክፍል ናት፤ ልዩነቱ ግድግዳዋ ያረፈበትን ብርሃን ይዞ ማስቀረቱ ነው። የማስቀረቱን ዘዴ ፈረንሳዊው ኒየፕስ በ1820ዎቹ ጀመረው፤ ዳጌር በ1839 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቀው።

አማርኛ ድርጊቱን «ማንሣት» ብሎ ጠራው፤ መሬት የወደቀ ነገር እንደሚነሣ። ደንበኛዬ «አንሣኝ» ሲለኝ እኔ የማነሣው ከፊቱና ከልብሱ ላይ ነጥሮ ወደ ሌንሱ የገባውን ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው የሚመሰክረው፣ ይህን የመሰለ ነገር በዚያች ቅጽበት ሌንሱ ፊት እንደነበረ ነው። የሰውየው ስም፣ ዓመቱ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ያምን እንደነበር ፎቶው ላይ የለም። ያ ሁሉ የሚመጣው ከሰው አፍ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የተወለዱት ብርሃኑ ያሳየውና አፍ የጨመረው ሲምታቱ ነው።

ለምን ፎቶ ላይ እኔን አልመስልም?

ዕድሜ ልክዎን የሚያውቁት ፊት የመስተዋቱ ነው፤ ቀኝና ግራው የተገለበጠው። ፎቶው ሌላ ሰው የሚያየውን ፊትዎን ሲያሳይዎት ባዳ ይሆንብዎታል፤ ባለቤትዎ ግን «ቁርጥ አንተን!» ትላለች። ሌላው ምክንያት ርቀት ነው። ስልክ በክንድ ርቀት ተይዞ ሲነሣ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለሌንሱ በጣም ይቀርባል፣ ስለዚህ ይተልቃል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የሚያነሣዎት ሰው ይፈልጉ፤ አፍንጫዎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የጥንት ሰዎች በፎቶ ላይ ለምን ሁሉም ኮስታራ፣ ሁሉም ጥቁር ለባሽ ሆኑ?

ኮስታራነቱ ከፊሉ የመሣሪያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተነሺው ለብዙ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት፤ ፈገግታ ደግሞ ያን ያህል አይቆምም። ዳጌር በ1838 እ.ኤ.አ. ከመስኮቱ ሆኖ ባነሣው የፓሪስ ጎዳና ላይ ሠረገላውም መንገደኛውም እየተንቀሳቀሰ ስለነበር ጠፍቶ፣ ጎልቶ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ነው። ያን አይቶ «ፓሪስ ያኔ ባዶ ነበረች» የሚል ይሳሳታል። መሣሪያው ከፈጠነ በኋላ የቀረው ኮስታራነት ግን የእኛው ነው፤ ለአያቶቻችን ፎቶ ፊት ጥርስ ማሳየት ለትልቅ ሰው የሚገባ ነገር አልነበረም።

የልብሱ ጉዳይ ይበልጥ ያታልላል። የቀድሞው ፊልም ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ ዓይን አልነበረውም፤ ሰማዩ እንደ ወረቀት ይነጣል፣ ቀዩ ይጠቁራል። አንድ ወጣት የሐረሪ ቅድመ አያቱን ፎቶ ቀለም እንድሰጠው አምጥቶ «ማን ሞቶባቸው ይሆን?» ሲል በሐዘን ጠየቀኝ። ሰው አልሞተባቸውም። ቀሚሱ ራሱ ከአክስቱ ሣጥን ወጣ፤ እንደ በርበሬ የቀላ።

ከፎቶው ጀርባ «1958» ይላል። መቼ መሆኑ ነው?

እዚህ ከተማ ይህ ጥያቄ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። በምድር ባቡር የሠራ አባት እንደ ፈረንሳዮቹ ሊጽፍ ይችላል፤ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረው በእኛ አቆጣጠር፤ ከሐጅ የተመለሰው በሒጅራ። በ1958 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የተነሣ አንድ ፎቶ ሦስቱም ቢጽፉበት «1958»፣ «1966» እና «1385» ይላል፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። «1958» የአውሮፓውያኑ ከሆነ ግን ፎቶው የእኛ የ1950 ወይም የ51 ነው።

ሰባት ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም። አንዲት ደንበኛዬ በዚህ ስሌት ተሳስታ እናቷን ከጋብቻቸው አስቀድሞ ልጅ ታቅፋ አገኘቻትና ሳምንት ሙሉ ቤቱ ታመሰ። የጸሐፊው እጅ የማን እንደሆነ በቅድሚያ ይጠይቁ፤ የፎቶ ቤቱን ማኅተምም ይዩ። ዲጂታል ካሜራ በጥግ ላይ ያተመው ሰዓትም ቢሆን በአውሮፓ የተሞላ ይሁን በኢትዮጵያ ስለማይናገር፣ «ሌሊት ነው የተነሣው» ብለው ከመጣላትዎ በፊት ጥላውን ያስተውሉ።

ፎቶ ዕድሜ ይነሣል የሚባለው እውነት ነው? ሕፃንስ ማንሣት ይከፋል?

«ማንሣት»ና «መንሣት» ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ ይህን የሚጠይቁኝ አረጋውያን ቋንቋው ራሱ ያስፈራቸው ይመስለኛል። ከተነሺው ላይ የሚጎድል ነገር የለም። ብርሃኑ ካሜራ ኖረም አልኖረም ከፊታችን እየነጠረ ይሄዳል፤ ካሜራው የሚለቅመው የፈሰሰውን ነው።

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ሕፃን ፎቶ አይነሣም የሚሉ እናቶች አሉ፤ በሙስሊሙም ቤት የሰው ዓይን ይፈራል። ፎቶው ሕፃኑን አይጎዳውም። ሆኖም በስልክ የተለቀቀ የልጅ ምስል የማን እጅ እንደሚገባ ስለማይታወቅ፣ የእናቶቹን ጥንቃቄ አልነቅፍም። በሐረር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚሸፍኑትን ሴቶች ደግሞ ከዚህ ጋር አያምታቷቸው። እነሱ ነፍሴ ይወሰዳል ብለው አይደለም፤ ሳይጠይቃቸው ሌንስ የደገነባቸው ሰው ባለጌ ስለሆነባቸው ነው።

በእስልምና ፎቶ መነሣት ይፈቀዳል?

ይህን ሼኽዎን ይጠይቁ። እኔ ከደንበኞቼ የሰማሁት ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንዱ ምስል መሥራትን የሚከለክለው ሐዲስ ፎቶንም ይጨምራል ይላል፤ ሌላው ፎቶ ፍጥረትን ማስመሰል ሳይሆን በመስተዋት ላይ እንደሚታየው ያለ ጥላን መያዝ ነው ይላል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት በሁለተኛው በኩል ቆመው ጽፈዋል። ሐጅ ለመሄድ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ፓስፖርት ያለ ፎቶ አይሆንም። ስለዚህ እጅግ ጥብቅ የሆኑት ሐጂም ቢያንስ አንድ ጊዜ ደጄን ረግጠዋል።

ግድግዳዬ ላይ ያለው «የጌታ ፎቶ» የማን ነው?

ካሜራ የተሠራው ጌታ ካረገ ከ1,800 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ እንግዲህ ፎቶ ሊሆን አይችልም። አብዛኛው የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ቅጂ ነው። አንዳንዱ ግን በእርግጥም ፎቶ ነው፤ የተዋናይ ፎቶ። እትዬ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤት የተቀዳደደ ምስል እንዳድስላቸው አመጡልኝ፤ ዓይኑ ሰማያዊ፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአውሮፓውያን በተሠራ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ጌታን ሆኖ የተወነ እንግሊዛዊ መሆኑን አውቅ ነበር። ዝም ብዬ ላድስ ወይስ ልናገር? ሁለት ቀን አመነታሁና ተናገርኩ።

«እና እኔ ለወረቀቱ የምሰግድ መሰለህ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ ስንት ነው ብለው ከፍለው ሄዱ። በኋላ ያጫወትኳቸው አንድ ቄስ፣ ቅዱስ ባስልዮስ ለሥዕል የሚሰጥ ክብር ወደ ባለሥዕሉ ያልፋል ብሎ ማስተማሩን ነገሩኝ። ወዲያውም ተቆጡ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተሣለና የተባረከ ሥዕል እያለ የተዋናይ ፎቶ መስቀል ለምን? ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ። ፎቶው የሚያሳየው እንግሊዛዊውን ነው፤ እትዬ የሚያዩት ሌላ ነው፤ መሐል ላይ ያለው ርቀት በሌንስ አይለካም።

በቁልቢ ገብርኤል ባነሣሁት ፎቶ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ታየ። መልአክ ነው?

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ማግስት ይህን ጥያቄ የያዘ ሰው ሳይመጣ አይቀርም። ክቦቹ አቧራ ናቸው። ያን ያህል ሕዝብ የረገጠው መሬት አየሩን በአቧራ ይሞላዋል፤ በሐምሌ ደግሞ ጠብታ አለ። ለሌንሱ በጣም የቀረበች አንዲት ቅንጣት የስልኩ ፍላሽ ሲያርፍባት ታበራለች፤ ሌንሱ የሚያተኩረው ሩቅ ላይ ስለሆነ ደግሞ ተድበስብሳ ክብ ትሆናለች። ምንጣፍ አራግፈው በጨለማ በፍላሽ ያንሡ፤ ቤትዎ በመላእክት ይሞላል። ከፀሐይ ወይም ከመብራት አንሥቶ በሰያፍ የሚወርደው ባለቀለም ብርሃንም በሌንሱ መስታወቶች መካከል የሚንጸባረቅ ነው። ስልኩን ሲያዞሩት ቦታውን ይቀይራል፤ ሌንሱን በእጅዎ ቢያጠሉት ይጠፋል። የጣት ወዝም ያባብሰዋል።

ይህን ስል ቅር የሚላቸው አሉ። ስለ አቧራው ተናገርኩ እንጂ ስለ ስለታቸው አልተናገርኩም። ስለቷ ሰምሮ ሕፃን አዝላ ቁልቢ የወጣች ሴት ምስክሯ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፤ የስልክ ክብ አያስፈልጋትም።

ደመና ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ፊት ለምን ይታየናል?

አእምሯችን ፊት አዳኝ ስለሆነ ነው። ሁለት ነጥብና ከሥራቸው አንድ ሰረዝ ካገኘ ሰው ይለዋል። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ቫይኪንግ 1 የተባለችው መንኮራኩር ከማርስ የላከችው ፎቶ ላይ ግዙፍ የሰው ፊት ታይቶ ለዓመታት ስለጠፋ ሥልጣኔ ብዙ ተባለ። በ2001 እ.ኤ.አ. በተሻለ ካሜራ ከሌላ አቅጣጫ ሲነሣ ተራ ኮረብታ ሆነ። የመጀመሪያው ፎቶ አልዋሸም፤ ጀምበሯ ዘቅዘቅ ብላ ስለነበር ጥላው ዓይንና አፍንጫ ሠራ።

ሐረር ያለው የራምቦ ቤት በእርግጥ የራምቦ ነው? ፎቶዎቹስ?

ቤቱ ውብ ነው፤ ባለቀለም መስታወቱና እንጨቱ ዓይን ይይዛል። ጎብኚውም ደጃፉ ላይ ፎቶ ተነሥቶ «ባለቅኔው በኖረበት ቤት» ብሎ ይጽፋል። ቤቱን ያሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1891 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ላይ ከሞተ በኋላ። በዚያ ቤት አልኖረም። ፎቶው እውነተኛ፣ ቤቱ እውነተኛ፣ ከሥሩ የተጻፈው ሐሰት። በእኔ ሙያ ከሚገጥመው ስሕተት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ቤቱን ግን አይዝለሉት፤ ውስጡ ያሉት የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች ብቻቸውን መንገዱን ይክሳሉ።

ራምቦ ሐረር ላይ በራሱ ካሜራ ራሱን አንሥቷል። በግንቦት 1883 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ በቤት ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱ በቡና አትክልት ውስጥ፣ አንዱ በሙዝ አትክልት ውስጥ እጁን አጣምሮ። ፎቶዎቹ የነጡት ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለነበር መሆኑንም ጽፏል። ይህን ሳነብ እንደ ባለሙያ አዘንኩለት። ፊቱ ደብዝዟል፣ በፊቱ ብቻ ማንነቱን መማል ያስቸግራል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ስላለ አንጠራጠርም። በተቃራኒው በ2010 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ሁለት መጽሐፍ ነጋዴዎች በየመኗ የኤደን ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ደጃፍ የተነሣ የቡድን ፎቶ አውጥተው አንዱ ሰው ራምቦ ነው አሉ። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ አጥብቆ የሚያስር ወረቀት ግን የለም፤ ስለዚህ ክርክሩ ቀጠለ። የደበዘዘው ታመነ፣ የጠራው ተጠረጠረ።

ልጅ ኢያሱ ጥምጣም ያሰሩበት ፎቶ እውነተኛ ነው?

በዚህ አካባቢ ስለ ፎቶ ከሚጠየቀው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ሰው በፎቶው ሳይሆን በአያቱ ወገን ይመልሰዋል። ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት አዲስ አበባ ላይ ተሻሩ። ዋናው ክስ እስልምናን ተቀብለዋል የሚል ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ። ወሩ ሲደፍን ሰገሌ ላይ ጦርነት ሆነ። በእስላም ልብስ የታዩበት ፎቶ ለማስረጃ ከእጅ ወደ እጅ እንደዞረ ይተረካል፤ ተቀናብሮ የተሠራ ነው የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልበረደም።

በዚያ ዘመን ማቀናበር ይቻል ነበር። የአንዱን ራስ በመቀስ ቆርጦ በሌላው አካል ላይ ለጥፎ፣ መጋጠሚያውን በብሩሽ አጥፍቶ፣ እንደገና በካሜራ ማንሣት ነው። የሚያጋልጠው የአንገቱ ጠርዝ፣ የፊቱና የደረቱ ብርሃን ከተለያየ አቅጣጫ መምጣቱ፣ የሁለቱ ጥራት አለመመሳሰል ነው። ይህን ለማየት ግን ኔጋቲቩ ወይም የመጀመሪያው ኅትመት ያስፈልጋል። እኔ ዘንድ የሚመጣው የቅጂ ቅጂ፣ ከስልክ ስክሪን ላይ እንደገና የተነሣ ነው፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ «እውነት ነው» ወይም «ውሸት ነው» ብሎ የሚምልን ባለሙያ አልሰማውም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ፎቶው እውነተኛ ነው ብንል እንኳ የሚያሳየው ጥምጣም ነው። የአገር ገዥ በሄደበት አገር ሰዎች ልብስ መታየቱ ፖለቲካ ሊሆን ይችላል፣ አክብሮት ሊሆን ይችላል፣ የወጣትነት ደስታም ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ ሙስሊም ለብሶ መካ ገብቷል፣ ወደ ሐረርም ሲመጣ አብዛኛውን መንገድ እንደ አረብ ነጋዴ ሆኖ ተጉዟል፤ በልብሱ ሃይማኖቱን የፈረደ ሁሉ ተታልሏል። ፎቶ ራስ ላይ የተጠመጠመውን እንጂ ራስ ውስጥ ያለውን አያነሣም። በ1909 ዓ.ም. ግን ይህን ለመስማት ጊዜ የነበረው ሰው አልነበረም።

ምንም ያልተነካካ ፎቶ ሊዋሽ ይችላል?

አሳምሮ። በ1917 እ.ኤ.አ. ኮቲንግሊ በተባለች የእንግሊዝ መንደር ሁለት ልጃገረዶች ክንፍ ካላቸው ትንንሽ ፍጥረታት ጋር ፎቶ ተነሡ። ባለሙያ ኔጋቲቩን መርምሮ አልተነካም አለ፤ የታወቁ ሰዎች ሳይቀሩ አመኑ። በ1983 እ.ኤ.አ. ልጃገረዶቹ አርጅተው ሲናዘዙ፣ ፍጥረታቱ ከወረቀት ተቆርጠው በባርኔጣ መርፌ የቆሙ ነበሩ። ካሜራው ፊቱ ያለውን ወረቀት በታማኝነት አንሥቷል። ጥያቄው መቅረብ የነበረበት ለልጆቹ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመጣ የሐረርን የጅብ ፎቶ ይውሰዱ። በድቅድቅ ጨለማ አንድ ሰው ብቻውን በአፉ በያዘው እንጨት ሥጋ ሲያጎርስ፣ የጅቡ ዓይን እንደ ፍም ሲያበራ። ዓይኑ የበራው ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ነው፤ የጅን ምልክት አይደለም። ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ደግሞ የቱሪስት መኪናዎች መብራታቸውን አብርተው ቆመዋል፣ አንዱ ተራውን ይጠብቃል፣ አንዱ ዋጋ ይከራከራል። ሰውየው የጅቦቹን ጠባይ ማወቁ እውነት ነው፤ ብቻውን መሆኑ የፍሬሙ ፈጠራ ነው። በድሬዳዋ መሐል የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝም እንዲሁ። በጥር ቢያነሡት ግመል የሚያልፍበት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ያን የጎርፍ ሌሊት ያየው ሰው ግን ያን አሸዋ ወንዝ አይደለም ቢሉት ምን እንደሚመልስልዎት አውቃለሁ።

ሁለት እውነተኛ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስተኛ ነገር ይናገራሉ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ የወሎን ረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ። ረኃቡም ድግሱም የደረሰ ነው። ሥራውን የሠራው ማፈራረቁ ነው።

በቴሌግራም የመጣልኝን ፎቶ እንዴት ላጣራ?

መጀመሪያ ፎቶውን ይተዉና ከሥሩ የተጻፈውን ይጠይቁ፤ የት፣ መቼ፣ ማን አነሣው? ቀጥሎ በጎግል ሌንስ ያስፈልጉት፤ «ደቻቱ ዛሬ ሞላ» ተብሎ የመጣልኝ ጎርፍ ከዓመታት በፊት በሌላ አህጉር የተነሣ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የታርጋውን፣ የሱቅ ጽሑፉን፣ የዛፉን ዓይነት ይዩ። ፊደል ተገልብጦ ከታየ ፎቶው ተገልብጧል። ቀንና ቦታ የሚነግረው የፎቶው ውስጣዊ መረጃ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጠፋል፤ ምንጩን ካወቁት እንደ ፋይል እንዲልክልዎት ይጠይቁት።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራውን በጣት ቁጥር መለየት ድሮ ቀረ፤ መሣሪያዎቹ ጣቱን በትክክል መሥራት ተምረዋል። አሁንም አንዳንዴ የሚደናቀፉት በጽሑፍ ላይ፣ በተለይም በፊደላችን ላይ ነው፤ ከበስተ ጀርባ ያለው የሱቅ ስም ፊደል መስሎ ፊደል ካልሆነ ይጠርጥሩ። ይህም ዘላቂ ዘዴ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ምስል ሌንስ ፊት የቆመ ነገር ስለሌለው በመጀመሪያው መልሴ ትርጉም ፎቶ አይደለም፤ ሥዕል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው መመርመሪያ ግን የራስዎ ደስታ ነው። የጠሉትን ሰው የሚያዋርድ ፎቶ ሲደርስዎትና «ብዬ ነበር!» ሲሉ፣ ያኔ ስልኩን ያስቀምጡት።

ሟች አባቴን ከሠርጌ ፎቶ ጋር አዋህድልኝ ብልህ ውሸት ይሆናል?

በጥር፣ በሠርግ ወቅት፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እጠየቃለሁ። ሥራው ከብርሃን ይጀምራል፤ አባት ከግራ ብርሃን የመጣበት ፎቶ ካላቸው ከቀኝ ከበራለት ሠርግ ጋር አይገጥሙም። ከዚያ ዕድሜ ይመጣል። አባት በ40 ዓመታቸው ሞተው እናት ዛሬ 65 ከሆኑ፣ ጎን ለጎን ሳቆማቸው አባት የእናት ልጅ ይመስላሉ። ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ሲያዩት የሚደነግጡ አሉ። አንዳንዱ ፀጉራቸውን አሸብትልን ይለኛል። እሱን አልሠራም። አባት በዚያ አዳራሽ እንዳልነበሩ ሁሉም ዘመድ ያውቃል፣ ማንም አይታለልም፤ ያልሸበቱትን ማሸበት ግን ያልኖሩትን ዕድሜ መስጠት ነው። ይህ የእኔ መስመር ነው፤ ሌላ ፎቶ ቤት ይሠራልዎታል።

ከሠራሁ በኋላ ከጀርባው በእርሳስ «ተዋህዶ የተሠራ» ብዬ ከነቀኑ እጽፋለሁ፤ ዓ.ም. መሆኑንም ጭምር። ከ50 ዓመት በኋላ አልበሙን የሚገልጠው ልጅ ያን አዳራሽ አያውቀውም። አንዲት ሙሽራ በሁሉም ተስማምታ በዚህች መስመር ላይ እንቢ አለች። «ልጆች ሲኖሩኝ አያታችሁ ባርኮኛል ልላቸው ነው፤ አጥፋልኝ።» ከዚያው ሠርግ የተነሡ ሌሎች 300 ፎቶዎች እንዳሉ፣ በአንዱም ላይ አባቷ እንደሌሉ አስታወስኳት። እሱንም ታውቀዋለች። አላጠፋሁም፣ እሷም ፎቶውን አልመለሰችም። ፍሬም እንዲገባላት አዘዘችና ጀርባውን በካርቶን አስለጠፈችው። ጽሑፉ አለ፤ የሚያነበው ግን ፍሬሙን የፈታ ብቻ ነው።